ጥሩምባ የማይነፋለት ቤት

ባለፈው ሰኔ እናቴን ልጠይቅ ወረታ ሄጄ፣ በማለዳ ደጅ ብወጣ የሩዝ ገለፈት ጭስ ተቀበለኝ። ከሩዝ ወፍጮዎቹ ጓሮ የሚከመረው ገለፈት አንዴ እሳት ከያዘው ነበልባል የለው፣ ውስጥ ውስጡን እየተቃጠለ ሲጨስ ይሰነብታል። ሽታው ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እንደ ቆምሁ አንድ ባጃጅ ጣራው ላይ ማይክ አስሮ በሰፈሩ ዞረ። «የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች! ነገ ጠዋት የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠረጋ አለ! ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ይውጣ!» እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «አንች ትሄጅልኛለሽ፤ የእኔ ወገብ ከእንግዲህ ለቦይ አይሆንም» አለችኝ። እሽ አልሁ። ግን ያ ጭስና «ከየቤቱ አንድ ሰው» የሚለው ቃል አንድ ላይ መጡብኝ። የሦስተኛ ክፍል ትምህርት ጨርሼ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረምሁበትን ያን ክረምት አመጡብኝ።

ያኔ ባጃጅ የለ፣ ማይክ የለ። የነበረው የአያቴ አፍ ነው። ከዚያ ደግሞ ጥሩምባው።

አያቴ አያ ታከለ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። እኔ አባባ ነበር የምላቸው። ጥሩምባው እኛ ቤት፣ ምሰሶው ላይ ምስማር ተመትቶለት ይሰቀላል፤ አቧራ እንዳይገባው አፉ በጨርቅ ይወተፋል። አባባ ሁለት ዓይነት ጥሪ ነበራቸው። ለሥራ ከሆነ፣ ቦይ ለመጥረግ ወይ መንገድ ለመደልደል፣ በአፋቸው ብቻ ነው። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነገ ከየቤቱ አንድ ሰው!» እያሉ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ይወርዳሉ። ጥሩምባው ግን ለሞት ብቻ ነው። ጎሕ ሲቀድ ይነሳሉ፤ አፋቸውን በውሃ ይጉመጠመጣሉ፤ ደጅ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ይነፋሉ። ከዚያ ስም ይጠራሉ። «አቶ እገሌ አርፈዋል፤ ለቀብር ውጡ!» ሰዉ ከቀብር ሲመለስ ደግሞ ሐዘን የገባበት ቤት ገብተው አንድ ዋንጫ ውሃ ይጠጣሉ። ይህ የራሳቸው ሕግ ነበር። «ጥሩምባ ጉሮሮ ያደርቃል፤ ያስነፋኝ ቤት ያጠጣኝ» ይላሉ። ሰዉም ለምዶት ውሃውን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃቸው።

ታዲያ እኔ ጥሩምባው ሰው ይገድላል ብየ ነበር የማምነው። አትሳቁብኝ። በልጅ ዓይን እዩት እስቲ፤ መጀመሪያ ጥሩምባ ይነፋል፣ ቀጥሎ ስም ይጠራል፣ ከዚያ ልቅሶው ይነሳል። ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት ሁሉም ሰላም ነው፤ ሰው ተኝቷል፣ ዶሮ ይጮሃል። አባቴም በፊተኛው ዓመት እንዲሁ ነው የሄደብኝ። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር፤ ይድናል ተብያለሁ። አንድ ማለዳ አባባ ተነሱ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ለገዛ ልጃቸው ነፉ። ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ከመሃል ተቆረጠ፤ እንደገና ጠሩት። ከዚያ በኋላ አባት የለኝም። አባባን እወዳቸዋለሁ፣ እፈራቸዋለሁም። ከእግዜር ታዘው እንጂ በፈቃዳቸው የሚያደርጉት አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ምሰሶ ሥር ግን ብቻየን አልቀመጥም።

ከሰፈሩ በታች፣ ቦዩ ወደ ሩዝ ማሳው ሊገባ ሲል፣ የእትየ አለምነሽ ቤት አለ። ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከእናቷ ከእማማ የሺ ጋር ይኖራሉ። ገለፈቱን ከወፍጮ ቤት በጆንያ ተሸክማ ታመጣለች፤ የሠራችውን ገንቦና ድስት ውስጡ ቀብራ እሳት ትለቅበታለች፤ እየጨሰ ያድራል። በሰፈራችን የእሷ እጅ ያልሠራው ገንቦ ያለበት ቤት አልነበረም። ግን የሚገዛት ሁሉ ከደጇ ቆሞ ነው የሚገዛት። ከቤቷ ውሃ የሚጠጣ የለም። ጠይብ ናቸው፣ ዓይናቸው አይጣል ነው ይባላል። እናቴ በዚያ በኩል ስትልከኝ «የሰጡሽን እንዳትቀምሽ፤ እየበላሽም እንዳታልፊ» ትለኛለች። አንገቴ ላይም ክታብ አስራልኛለች። እማማ የሺ የአባባ እኩያ ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም ግን «የሺ» ነው የሚላቸው፣ እንዲያው በባዶው። አባባ ብቻ ናቸው «አንች ልጅ፣ እማማ በያቸው፤ ሽበት የማንም ይሁን ሽበት ነው» ብለው የተቆጡኝ።

ታዲያ አንድ ነገር አስተዋልሁ። አባባ ለዚያ ቤት ነፍተው አያውቁም። ለላይ ሰፈር ነፍተዋል፣ ለመካከሉ ነፍተዋል፣ ለእኛ ነፍተዋል። ለሸክላ ሠሪዎቹ ቤት አንድም ቀን። እንግዲያ እነሱ አይሞቱም አልሁ በልቤ። ቀናሁባቸው። ሰፈሩ ለምን እንደሚርቃቸውም የገባኝ መሰለኝ፤ እኔም እኮ ቀንቻለሁ።

ያን ክረምት፣ ሐምሌ እንደገባ፣ እናቴን ወባ ጣላት። ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ እንደ ፍም ትግላለች፣ ከዚያ ላብ በላብ ትሆናለች። ስሜን ጠርታ ሌላ ሰው ታናግራለች። አባባ ጤና ጣቢያ ወስደው ክኒን አምጥተውላታል፤ ጎረቤት እየመጣ «እግዜር ይማርሽ» ይላታል። እኔ የማየው ምሰሶውን ነው። አባባ በማለዳ አፋቸውን በተጉመጠመጡ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች፤ ለጸሎት ይሁን ለጥሩምባ በምን አውቃለሁ?

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ወደ ታች ሮጥሁ። እትየ አለምነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ትረግጣለች።

«እትየ አለምነሽ፣ እናቴን እዚህ ላምጣት?»

«የት እዚህ?»

«እናንተ ቤት። እስክትድን ትተኛ። ትንሽ ጊዜ ብቻ።»

እግሯን ከጭቃው ሳታወጣ ትክ ብላ አየችኝ። «እናትሽ? እኛ ቤት? ምነው፣ ጣራችሁ አፈሰሰ?»

«አይ። እናንተ ቤት ጥሩምባ አይነፋማ።»

ልትስቅ ጀምራ ነበር፤ ሳቋ ከመንገድ ቀረ። «እሱስ አይነፋም» አለች። ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። «ሂጅ ልጄ። እናትሽ ትድናለች።»

ያዘነች መሰለኝ፤ በምን እንዳዘነች ግን ሊገባኝ አልቻለም። ሰው አልሞትም ብሎ ያዝናል?

የዚያ ዓመት ዝናብ ለጉድ ነበር። ከቁሐር ሚካኤል በኩል የሚመጡ ገበሬዎች ሜዳው ሐይቅ ሆኗል፣ ከብቱን ወዴት እናድርገው እያሉ ያልፋሉ። ከጋራው የሚወርደው ጎርፍ ደለል እየጫነ መጥቶ ቦያችንን ሞላው፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ በየግቢው ገባ። አባባ በአፋቸው ዞሩ። በማግስቱ ሰፈሩ አካፋና ዶማውን ይዞ ወጣ። እኛ ልጆች ደለሉን በሳፋ እየተቀባበልን እናርቃለን። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙላት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ከላይ ወደ ታች ይመላለሳሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» ይላሉ በየመሃሉ። ሰው ይስቃል፣ ይበረታል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የቦዩን ድልድይ ግንድ ከራሳቸው ባሕር ዛፍ ቆርጠው የሰጡ እሳቸው ናቸው። እትየ አለምነሽ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከሁሉ በታች፣ ውሃው ከሚበረታበት ቦታ ገብታ ስትቆፍር ዋለች።

ሥራው ሲያልቅ ከዋርካው ሥር ጠላና ቆሎ ቀረበ። እሷ ከሰው ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከቤቷ ባመጣችው ጣሳ ከላይ አንጠልጥለው ቀዱላት። ጠላው የመጣበት ገንቦ እኮ የገዛ እጇ ሥራ ነው! ያኔ ይህ ለእኔም አልታየኝም፤ ለማንም አልታየው።

ጋሽ ሙላት እንደ ልማዳቸው ቆሙ። «እንግዲህ እግዜር ይስጣችሁ። ቅር ያለው፣ የጎደለበት ካለ ይናገር። ዛሬ እዚህ የዋለ ሁሉ አፍ አለው።»

እትየ አለምነሽ ከድንጋዩ ላይ ተነሳች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ጌቶቼ፣ አንዲት ቃል አለችኝ። እናቴ ደክማለች። ከዚህ ክረምት የምትወጣ አይመስለኝም። ስታርፍ እንደ ሰው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋላት። ሌላ አልለምንም።»

ክው አልሁ። እናቷን ልታስገድል! ያውም በሰው ፊት፣ በቀን! ቆሎው ከእጄ ተበተነ።

ጋሽ ሙላት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አለምነሽ፣ አንችን የመሰለ ሠራተኛ የለንም፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ይኸ ከአባቶቻችን ያልነበረ ነው። እናንተም የራሳችሁ ወግ አላችሁ።»

«ወጋችን ምንድን ነው ጋሽ ሙላት? ለብቻ መቅበር ነው?»

«ኧረ በመድኃኔዓለም!» አለች አንዲት ሴት ከወዲያ። የጋሽ ሙላት ባለቤት እትየ ዘውዴ ነበረች። «ስንት ክረምት ከእኛ ጋር ጭቃ ስትዝቅ አይተናታል እኮ!»

«ከዛቀች ለራሷም ነው» አለ አንድ ጎልማሳ። «ውሃው ቀድሞ የሚወስደው የእሷን ቤት አይደል?»

ጉምጉምታ ሆነ። ጋሽ ሙላት ባለቤታቸውን ገላምጠው እጃቸውን አነሱ። «ይታይ። መስቀል ሲያልፍ ጠቅላላ ስብሰባ አለን። ያኔ ይታያል።»

«እንግዲያ እናቴን መስቀልን ጠብቂ ብየ እነግራታለሁ» አለች እትየ አለምነሽ። አካፋዋን አነሳችና ሄደች። አባባ ዋንጫቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

እኔ ሌላ መንገድ ይዤ፣ በማሳው ዳር፣ ጭቃውን እያቦካሁ ወደ ታች በረርሁ። ቀድሜ መድረስ ነበረብኝ። እማማ የሺ ደጃቸው ላይ፣ ከሚጨሰው ገለፈት አጠገብ ቁርበት አንጥፈው እጃቸውን ያሞቃሉ።

«እማማ የሺ፣ ይሽሹ!»

«ከምን ልሽሽ ልጄ? ጎርፍ መጣ?»

«እትየ አለምነሽ ጥሩምባ ይነፋብዎት አለች! በስብሰባ ላይ! በጆሮየ ሰማሁ! ሊያስገድሉዎት ነው!»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወይ ጉድ! ነይ እስቲ ቁጭ በይ። ጥሩምባ ሰው ይገድላል ያለሽ ማን ነው?»

ራቅ ብየ፣ ክታቤን በእጄ ይዤ ተቀመጥሁ። «ማንም አላለኝም። አይቻለሁ። አባባ ይነፋሉ፣ ከዚያ ሰው ይሞታል። አባቴም...»

ሳቃቸው ጠፋ። «አይ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «አባትሽ ጥሩምባው ሳይነፋ ነው ያረፈው። አያትሽ የነፉት ሰው ሊጠሩ ነው፤ አንችና እናትሽ ብቻችሁን እንዳታለቅሱ። ያን ቀን ግቢያችሁ በሰው አልሞላም?»

ሞልቷል። ከአጥሩ ውጭ ድረስ ነበር ሰዉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደመጣ አስቤው አላውቅም ነበር።

«እናንተስ?» አልሁ። «እናንተ አትሞቱማ። አይነፋላችሁማ።»

«እንሞታለን እንጂ። ባሌ ሞቷል። ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ።» ጭሱን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ባሌን ወንድሞቹ ተሸክመው በዚህ በቦዩ ዳር ሲሄዱ፣ ማሳ ላይ የነበረ አንድ ገበሬ "ወደ ገበያ ናችሁ? ምን ይዛችኋል?" ብሎ ጮኸላቸው። ገንቦ የተሸከሙ መስሎታል። አልፈርድበትም፤ በምን ይወቅ? ማን ነገረው?»

ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ሙላት ሃምሳ ሎሚ ይላል» አሉ። «መልካም ይላል። በሸክሙ ጊዜ እኛም ከሃምሳው ውስጥ ነን። በልቅሶ ጊዜ ግን የእኛ ሎሚ ትጠፋለች። እኔ ድግስ አልፈልግም ልጄ። ስሜ ተጠርቶ፣ የሰማ ሰው "ነፍስ ይማር" እንዲለኝ ነው። ከአንድ ሰው አፍም ቢሆን።»

ከዚያ እናቴን አነሱ። የጤና ጣቢያውን ክኒን ተሻለኝ ብላ እንዳታቋርጥ፣ እስከ መጨረሻው እንድትውጥ ንገሪያት አሉኝ። እሽ ብየ ተነሳሁ። እያለቀስሁ ወጣሁ። አባባ ገዳይ አለመሆናቸውን በማወቄ ደስ ብሎኛል፤ ሰው የማይሞትበት ቤት ደግሞ ከሰፈራችን ጠፋ። በልቤ የተሸሸግሁበት እሱ ቤት ነበር። ሁለቱን ባንድ ቀን መሸከም ከበደኝ።

ያን ምሽት አባባን እግራቸውን እያጠብሁ ጠየቅኋቸው። «እማማ የሺ ሲሞቱ ይነፉላቸዋል?»

«የእድሩ ጥሩምባ ነው ልጄ። የእኔ አይደለም» አሉ።

በሕይወቴ አባባን የተቀየምኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እግራቸውን ሳላደርቅ ትቻቸው ተነሳሁ። ራሳቸው በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁት።

እናቴ ክኒኑን ጨረሰች። ሰውነቷ ቢሰለስልም ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ምርኩዝ ይዛ ደጅ መውጣት ጀመረች። ፍልሰታም ተፈታ። አንድ ማለዳ ካፊያ እያካፋ እትየ አለምነሽ ከአጥራችን ውጭ ቆማ አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«አያ ታከለ» አለች። «እናቴ አረፈች። ከሌላ ከሚሰሙት ልንገርዎ ብየ ነው።»

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ ዝናብ ነው።»

«አይ፣ ልሂድ። ብቻዋን ናት።» ዓይኗ ደረቅ ነበር። ምንም አልጠየቀችም። ወደ ምሰሶውም አላየችም።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት። ስትሄድ እስክትሰወር አዩዋትና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተነስተው ቅሉን አነሱ፤ አፋቸውን በውሃ ተጉመጠመጡ። እናቴ ከተኛችበት ቀና አለች።

«አባባ፣ ምን ሊያደርጉ ነው? ጥሩምባውን ይቀሙዎታል እኮ!»

«ይቀሙኝ።»

«ጋሽ ሙላት ይታይ ብለዋል። መስቀል ሳይደርስ...»

«ሞት መስቀልን ካልጠበቀ እኔ ምን ላድርግ?» ጥሩምባውን ከምስማሩ አወረዱ። ጨርቁን ከአፉ አወጡ። «ልጄን የቀበርን ለት አለምነሽ ከዚያ ከአጥሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ስታለቅስ ውላለች። ግቢ ያላት የለም። እኔም አላልኋትም። ጥሩምባው የእድሩ ነው። ትንፋሹ የእኔ ነው።»

ደጅ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮየን አልደፈንሁም። ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ነፉ። ድምፁ በካፊያው ውስጥ ወደ ሜዳው ሄደ። ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ነፍተው ስሙን ጠሩ።

«ያልሰማህ ስማ! ወይዘሮ የሺ አስረስ አርፈዋል! ለቀብር ውጡ!»

በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶች ጋቢያቸውን እየደረቡ ወጡ። እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። «ወይዘሮ የሺ ማን ናቸው?» «የላይ ሰፈሯ ይሆኑ?» «እሳቸውማ ትናንት ማኅበር ላይ ነበሩ!» «የትኛዋ ወይዘሮ የሺ ናት እናንተ?» እማማ የሺን በዚያ ስም የሚያውቃቸው አልነበረማ! ሁሉም ወደ አባባ አየ። አባባ በእጃቸው ወደ ታች፣ ጭሱ ወደሚታይበት ወደ ቦዩ ዳር አመለከቱ።

አንድ ሰው ጋቢውን ሰብስቦ ቤቱ ገባ። ሌላም ተከተለው። በር ሲዘጋ ሰማሁ። ጋሽ ሙላት ጃንጥላቸውን ይዘው እየተቻኮሉ መጡ።

«አያ ታከለ፣ በማን ፈቃድ ነው? ይኸን ያህል ዘመን አገልግለው በስተመጨረሻው እንዲህ ያደርጋሉ?»

«ሙላት፣ ስሙን ጠርቼዋለሁ» አሉ አባባ። «ከእንግዲህ መልሼ አልውጠው።»

ጋሽ ሙላት ጃንጥላቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እትየ ዘውዴ ግን ከባሏ ኋላ ወጥታ ኖሮ በዚያው ቆማ ቀረች። «ነፍስ ይማር» አለች ጮክ ብላ። እማማ የሺ የተመኙት ቃል ነው፤ በዓይኔ ያ ጭስ መጣብኝ። ከኋላዋ ሌላ ሴት «ነፍስ ይማር» አለች። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ከቤት ብቅ አለች፤ ትከሻየን ያዘችና «ምሪኝ» አለችኝ።

የሰፈሩ ሰው ግማሽ ያህሉ ቀርቷል። ግማሹ ግን ወረደ። ቦዩን ስንጠርግ በወረድንበት መንገድ፣ ጭቃውን እየረገጥን፣ በጋሽ ሙላት ግንድ ድልድይ ላይ ተሻገርን። እትየ አለምነሽ ከዘመዶቿ ጋር ሬሳውን ለማንሳት ደጅ ላይ ነበረች። ሰው ሲመጣ አየች። መጀመሪያ ፈራች መሰለኝ፤ ወደ በሩ አፈገፈገች። ከዚያ እትየ ዘውዴ ደረቷን እየመታች «እማማ የሺ!» ብላ ስትጮህ ገባት። ዞር ብላ ሬሳው ላይ ተደፋች።

«እምየ! ወይዘሮ ተባልሽ እኮ! ወይዘሮ! ሰማሽ እምየ? ሰው መጣልሽ!»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እስከዚያ ድረስ በደረቅ ዓይን ይዛው የነበረውን ሁሉ አወጣችው። እኔም አለቀስሁ፤ ለእማማ የሺ፣ ለአባቴም። በአባቴ ቀብር ያላለቀስሁትን እዚያ ጨረስሁት። ቃሬዛውን ወንዶች እየተቀባበሉ ተሸከሙት። በማሳው ዳር ስናልፍ ሩዝ የሚያርም አንድ ገበሬ ቀና አለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ እስክናልፍ ቆሞ ቆየ። ምን ይዛችኋል ብሎ አልጠየቀም።

ጥሩምባው በሳምንቱ ከቤታችን ተወሰደ። ጋሽ ሙላት ራሳቸው መጥተው ነው የወሰዱት፤ አባባም ጨርቁን በአፉ ወትፈው፣ አቧራውን ጠርገው ሰጧቸው። ምስማሩ ባዶውን ቀረ። ስብሰባውም መስቀል ካለፈ በኋላ ተደርጎ ብዙ ጭቅጭቅ እንደነበረ ሰምቻለሁ። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ከእኔ ጋር የቀረው የዚያን ቀን ከቀብር መልስ የሆነው ነው።

ሰዉ እግሩን አጥቦ፣ እትየ ዘውዴ ያመጣችውን ንፍሮ እየዘገነ ከእትየ አለምነሽ ደጅ ቆሟል። ወደ ውስጥ የገባ የለም። እሷም ከልማድ የተነሳ ግቡ አላለችም። አባባ በሰዉ መሃል አልፈው፣ ጎንበስ ብለው በሩን ገቡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔም እጃቸውን ይዤ ገባሁ። ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ ግድግዳው ጥግ ያልተቃጠሉ ድስቶች ተደርድረዋል።

«አለምነሽ፣ ውሃ ስጭኝ» አሉ።

ቆማ አየቻቸው። «ከእኛ ቤት?»

«ነዋ! ያስነፋኝ ቤት የማን ነው?»

ከገንቦው በሸክላ ዋንጫ ቀዳች። በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻቸው። አባባ ጠጡ። ሰው ሁሉ ከደጅ ሆኖ ያያል። ግማሹን ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉና ዋንጫውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንኪ፤ አንችም ከማለዳ ጀምሮ ውሃ አልቀመስሽም።»

እናቴን ፈለግኋት። በሩ ላይ ምርኩዟን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ከዋንጫው ወደ ክታቤ፣ ከክታቤ ወደ እትየ አለምነሽ ሄደ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ጠጭ» አለችኝ።

ውሃው ገለፈት ገለፈት ይላል። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።